የጅቧ ዋስ

የወይዘሮ አስካለን ሞት የሰማሁት ኦሎምፒያ ቢሮዬ ውስጥ፣ ለምሳ ልወጣ ቦርሳዬን ሳነሣ ነው። ድሮ አብረን የሠራን ልጆች ባለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በረከት ጻፈ፦ «ማዘር አረፉ። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት።» ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶችና ሻማዎች ተደረደሩ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ በረከት አንድ መስመር ጨመረ፦ «እንግዲህ ዋስትናውም አለቀ።»

የመጀመሪያው መልእክት አስለቀሰኝ። ሁለተኛው አስፈራኝ፤ ምክንያቱም ወይዘሮ አስካለ ለጅብ ዋስ ነበሩ። ቀልድ አይደለም። ገርጂ ውስጥ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ገደል የምትኖር አንዲት ጅብ በመርዝ ሳትሞት የቆየችው፣ እሳቸው በእድርተኛው ፊት ተነሥተው ዋሷ ስለሆኑ ብቻ ነው። የተቀበሏቸውም «እርስዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ» ተብሎ ነበር። አሁን እሳቸው የሉም።

ወይዘሮ አስካለን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጡብኝ በእጅና በጉልበታቸው ሲድሁ ነው። እንዲህ ስል ሰው ይቆጣኛል፣ ለሟች አክብሮት የለሽም ይለኛል። እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ጊዜው ከተማው ሥራ ላጣን ምሩቃን በጀት የመደበበት ነበር። በየወንዙ ዳርና በየገደሉ የሚኖረውን የዱር እንስሳ በካሜራ፣ በድሮንና በስልክ እንድንከታተል ተቀጠርን። ሰፈሩ ሳቀብን። «ለሰው ዳቦ ጠፍቶ ለጅብ ፎቶ አንሺ!» ይሉናል። ታክሲ ውስጥ ሥራሽ ምንድን ነው ስባል እኔ «አይቲ» ነበር የምለው። ወረዳው ኃላፊ ሲፈልግ እጁን ያነሣ ሰው አልተገኘም፤ ወይዘሮ አስካለ በዚያ ቀን የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ተመደቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልደትና ጋብቻ ሲመዘግቡ የኖሩ፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥቁር ቦርሳቸውን ከክንዳቸው የማያወርዱ፣ በጋ ከክረምት ጃንጥላ የሚይዙ ሴት ነበሩ። ከእንስሳ ጋር የነበራቸው ግንኙነት መፍራት ብቻ ነው። ውሻ ካዩ መንገድ ይሻገራሉ። ገርጂ ውስጥ ደግሞ ውሻ የሌለበት መንገድ የለም፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ለመድረስ የሚዞሩት ዙር ለጉድ ነበር።

ሥልጠና የሰጠን ሰው፣ ካሜራውን ዛፍ ላይ ካሰራችሁ በኋላ ከፊቱ በእንስሳው ቁመት ዳሁበት፣ በትክክል ማንሣቱን የምታውቁት ያን ጊዜ ነው ብሎናል። የመጀመሪያውን ካሜራ ስንተክል ግን የኮንዶሚኒየሙ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ ያየናል። ማን ይዳህ? በረከት አዲሱን ጂንሱን አየ። እኔ ስልኬን አወጣሁ። ወይዘሮ አስካለ ሁለታችንንም በተራ ገላመጡን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ጃንጥላውን ለእኔ አቀበሉኝና ጭቃው ላይ ተንበርክከው መዳህ ጀመሩ። ቦርሳው ከክንዳቸው አልወረደም። ከላይ ሳቅ ፈነዳ፣ አንዱ አፏጨ። እሳቸው ካሜራው ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው፣ ለቀበሌ መታወቂያ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ኮስተር አሉበት። ከዚያ ተነሥተው ጉልበታቸውን እያራገፉ፣ «እኛ ያልዳህንበትን መንገድ ጅቡ ሄደበት ብለን ሪፖርት አንጽፍም» አሉ።

ይኸው ደንብ ሆኖ ቀረ። ካርድ በከፈትን ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ከመካከላችን አንዱ ሲድህ ነው፤ ጅቡና ጃርቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚከተሉት።

ሌላው የማይለቃቸው ንግግር «ገንዘቡ የሕዝብ ነው» የሚለው ነበር። በረከት ቦሌ የጓደኛውን ሰርግ በድሮኑ ልቅረጽ ብሎ ሲለምናቸው «ገንዘቡ የሕዝብ ነው» አሉና ድሮኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ቤታቸው ሄዱ። ያነሣነውን ፎቶ በየወሩ እያሳተሙ የእድሩ አዳራሽ በር ላይ ይለጥፋሉ። «የከፈለበት ሰው ይየው» ይላሉ። እንዳልዋሽ፣ አንዳንዴ ያሰለቹኝ ነበር።

ከጅቦቹ ሁሉ አንዷን ለየናት። ግራ ጆሮዋ የተቀደደ ነው፤ በአሮጌው የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ውስጥ ወልዳለች። በረከት «እሜቴ» አላት። ወይዘሮ አስካለ ተቆጡ። «ስም ካወጣህላት፣ ስትሞት ለቅሶ ልትቀመጥ ነው» አሉት። እኛ ግን እሳቸው በሌሉበት እሜቴ ማለታችንን አልተውንም።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። በሰፈራችን ፋሲካ ሲመጣ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ሁሉም ያርዳል፣ ሁሉም ፈርሱንና ሆድዕቃውን በፌስታል ቋጥሮ ገደሉ አፋፍ ላይ ይጥላል። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ አፋፉ ላይ ያለውን ጅምር ሕንፃ የሚጠብቁት ጋሽ ደምሴ ከቆርቆሮ ቤታቸው ሲወጡ ጅብ ባታቸውን ነከሰቻቸው። በዱላ መትተው አባረሯት። ረፋዱ ላይ ወሬው መገናኛ ደርሶ ነበር፤ አንዱ እግራቸው ተቆረጠ ይላል፣ ሌላው ሞተዋል ይላል።

እኛ የቢሮውን በር ዘግተን የአፋፉን ካሜራ ካርድ ከፈትን። መጀመሪያ እኔ ስድህ። ቀጥሎ ድመት። ቀጥሎ ፌስታል ያንጠለጠሉ ሰዎች፣ አንድ በአንድ የምናውቃቸው የሰፈራችን ሰዎች፤ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ሽፈራው ሳይቀሩ። ቀጥሎ እሷ። ጆሮዋ የተቀደደ፣ ከኋላዋ የጋሽ ደምሴ ቆርቆሮ ቤት። 

«ሲምፕል ነው» አለ በረከት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዲሊት እናድርገው። ውሻ ነው እንላለን። ማን ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«እትዬ፣ መርዝ ያስቀምጡባታል እኮ! ግልገሎቹም ያልቃሉ። የእኛም በጀት ይዘጋል፣ ፕሮጀክቱ ፊኒሽ ነው!»

«ስማ በረከት። ይህን ካሜራ የገዛው ማነው? የተነከሰው ሰውዬ ነው። ሳሙና ሲገዛ ከሚከፍላት ግብር ላይ ነው የተገዛው። በገዛ ካሜራው የተነሣውን እኔ ልደብቀው?»

በረከት ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፣ ክፍሏን ዞራት፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔም ተናድጄ ነበር። «እሺ እትዬ፣ ፌስታል የጣሉትስ?» አልኳቸው። «የሕዝብ ነው ካሉ እነሱንም እናሳይ እንጂ!»

ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ምንም ሳያወጡ ዘጉት። «አይሆንም» አሉ በመጨረሻ። «እንስሳ እንድንከታተል እንጂ ጎረቤት እንድንሰልል በጀት አልተሰጠንም።»

ከዚያ ተከተይኝ ብለውኝ ጤና ጣቢያ ሄድን። ጋሽ ደምሴ የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌ ሊወጉ ወረፋ ላይ ነበሩ፤ እግራቸው ተጠቅልሏል፣ ደሙ ፋሻውን አልፎ ይታያል። ወይዘሮ አስካለ አጠገባቸው ተቀመጡ። «የነከሰችዎት የእኛ ናት» አሏቸው። «የምንከታተላት እኛ ነን። ወደ እርስዎ ቤት መቅረቧን አይተን ማስጠንቀቅ ነበረብን። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ጋሽ ደምሴ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አዩን። «እመቤቴ፣ የመንግሥት ሰው ጥፋቱ የእኔ ነው ሲል ገና ዛሬ ሰማሁ» አሉ። «ልሞት ነው እንዴ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። እንዲያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ወይዘሮ አስካለ ምንም መግቢያ ሳያደርጉ ፎቶውን ግድግዳው ላይ አበሩት። «ጋሽ ደምሴን የነከሰችው ይህች ናት» አሉ። አዳራሹ ተናወጠ። «ቱቦው ውስጥ ናት፣ ዛሬውኑ እንጨርሳት!» የሚል አለ። «ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ!» አለ ሌላው፣ ተጨበጨበለት። ከፊት የተቀመጠች እናት ልጇን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። በሴትዮዋ ልፈርድባት አልቻልኩም፤ እኔም ልጅ ቢኖረኝ አጨበጭብ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ጩኸቱ እስኪበርድ ቆሙ። «ሌላም ፎቶ አለ» አሉ። «ጅቧን እስከ ጋሽ ደምሴ በር ድረስ የጠራትን ሆድዕቃ ያመጡ ሰዎች ፎቶ። አላሳይም። የጣለ ራሱን ያውቃል።»

ስንት ሰው የራሱን ጫማ ማየት እንደጀመረ ብታዩ! አቶ ሽፈራው ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

«መልካም» አሉ አቶ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠርገው። «መጣሉን እንተው። ግን ነገ አንድ ሕፃን ብትነክስ ማንን እንይዛለን? ሰው ቢሆን ዋስ ጥራ ይባላል። ለጅብ ማን ዋስ ይሆናል?» አዳራሹ ሳቀ።

«እኔ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ሳቁ ቆመ። አቶ ሽፈራው ተቆጡ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም። ዋስ ከሆኑ አንድ ሰው ብትነካ ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት። በእድሩም፣ በሕግም፣ በእግዚአብሔርም ፊት።»

«አውቃለሁ። ዋሷ እኔ ነኝ።»

ዋስ የሆነን ሰው አይቻለሁ፣ ተበድሮ የጠፋ ወንድም ቤት ሲያሸጥ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዋስ ግን አላየሁም። ጋሽ ደምሴ በሩ አጠገብ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ያዩ ነበር። ውጭ ስንወጣ ፈነዳሁባቸው። «እትዬ፣ ቡችላ የሚፈሩ ሰው! ምን ነካዎት?»

«ስለምፈራት እኮ ነው» አሉ። «የሚፈራ ሰው ይጠነቀቃል።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት አይጣል ነበሩ። በረከት ሲም ካርድ የሚገባበት ካሜራ ቱቦው አፍ ላይ ተከለ፤ ጅቧ በወጣችና በገባች ቁጥር ፎቶዋ በጋሽ ደምሴ ስልክ ላይ ይመጣል። ጋሽ ደምሴም ወዲያው ወይዘሮ አስካለ ጋ ይደውላሉ። «እሜቴ ወጣች።» «እሜቴ ገባች።» ስሟን በረከት ነው ያስተማራቸው፤ ወይዘሮ አስካለም መቆጣቱን ትተውት ነበር። እሷ ሳትገባ እሳቸው እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ልጃቸው ነግራኛለች። ሕፃን በሮጠ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ልባቸው ይሰነጠቃል። ሰውነታቸው ከሳ፣ ቀሚሳቸው ሰፋቸው።

አንድ ማለዳ ደወሉልኝ። «ሄለን፣ ጋሽ ደምሴ አልደወሉም። ስልካቸው ዝግ ነው። ወይ አልገባችም፣ ወይ ደግሞ...» አልጨረሱትም። ፊቴን ሳልታጠብ ሮጥኩ። ገደሉ አፋፍ ላይ ስደርስ እሳቸው ብቻቸውን መውረድ ጀምረዋል፤ በጃንጥላው እየተደገፉ፣ ጫማቸው እየተንሸራተተ። ከታች የሰው ጩኸት ይሰማል።

ጋሽ ደምሴ ነበሩ። በተጠቀለለው እግራቸው ቁልቁለቱ ላይ ቆመው ዱላቸውን ይወዘውዛሉ። ከፊታቸው መንገዱ ላይ አረንጓዴ ዱቄት የተነሰነሰበት የሥጋ ቁራጭ ተጥሏል። ከሥጋው ማዶ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ እሜቴ ቆማለች። በጎን ካለው ቱቦ የግልገሎቹ ጩኸት ይሰማል። ልትገባ ትፈልጋለች፣ ሥጋውም ሸትቷታል፣ ጋሽ ደምሴን ደግሞ ታውቃቸዋለች።

«ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስልኬ ሞተብኝ!» አሉ ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ከጅቧ ሳያነሡ። «ቁልቁል ብወርድ ይኸን አየሁ። ላነሣው ጎንበስ ካልኩ ትመጣብኛለች!»

«ይቁሙ» አሏቸው ወይዘሮ አስካለ። ከቦርሳቸው ፌስታል አወጡ፣ እጃቸው ላይ አጠለቁት። እኔ ቀሚሳቸውን ያዝኩ፤ አስለቀቁኝ። ጋሽ ደምሴ ዱላቸውን እንደሰነዘሩ፣ ወይዘሮ አስካለ በጉልበታቸው ወርደው ወደ ሥጋው ዳሁ። ጅቧ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። በረንዳ ላይ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሥጋውን አነሡ፣ ፌስታሉን ገልብጠው ቋጠሩት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላ እየዳሁ ተመለሱ። እሜቴ ትንሽ ቆማ በጎን አልፋን ቱቦው ውስጥ ገባች።

ወይዘሮ አስካለ መሬቱ ላይ እንደተቀመጡ መነሣት አቃታቸው። «ጋሽ ደምሴ፣ በዚህ እግር ስለ እሷ ብለው...» አሉ።

«ስለ እሷ?» ጋሽ ደምሴ ምራቃቸውን ተፉ። «እሷ ብትሞት ደስ ይለኛል። ግን በእርስዎ ዋስትና ላይ አትሞትም።»

በዚያው ሰዓት ወይዘሮ አስካለ በጭቃማው ቀሚሳቸው የአቶ ሽፈራው ሱቅ ገብተው ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ዋስትናዬን ተቀብላችኋል ወይስ አልተቀበላችሁም?»

«ማን እንዳደረገው አላውቅም፣ ወይዘሮ አስካለ።»

«እሱን አልጠየቅሁም።»

አቶ ሽፈራው ፌስታሉን ቆይተው አዩት። «ተቀብለናል» አሉ። «እርስዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ ማንም አይነካትም።» ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ከዚያ ወዲህ መርዝ አልተጣለም፣ ሰውም አልተነከሰም።

በጀቱ ሲያልቅ እኛ ተበተንን። ወይዘሮ አስካለ ጡረታ ሲወጡ ያችን የቱቦዋን ካሜራ ወረዳውን ለምነው አስቀሩ። ባትሪ በቀየሩ ቁጥር በዚያ ጉልበታቸው ሳይድሁ አይመለሱም ነበር አሉ። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ እንኳ ጋሽ ደምሴ መደወላቸውን አላቋረጡም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። በረከት አጠገቤ ነው፤ ማንም ስለ ጅቧ አላነሣም፣ እኔ ግን የአቶ ሽፈራውን ፊት ማየት ማቆም አልቻልኩም። በዚህ መሐል የጋሽ ደምሴ ስልክ ጮኸ። አውጥተው አዩት። ከዚያ፣ እጃቸው የለመደውን ነው ያደረገው፣ ደውለው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

ከቤት ውስጥ ስልክ ጠራ።

የወይዘሮ አስካለ ልጅ የእናቷን ስልክ በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ወጣች። አላነሣችውም፣ አልዘጋችውም፤ ይጠራል። ጋሽ ደምሴ ስልኩ ጆሯቸው ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ። ሴቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ በቀብሩ ላይ ያላለቀስኩትን ሁሉ።

ለቅሶው ሲበርድ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፣ «ወጣች ማለት ነው» አለ። ሌላው ቀጠለ፦ «ዘንድሮም ወልዳለች አሉ። ዋሷ ደግሞ ሞተዋል።» ሰው ሁሉ ወደ አቶ ሽፈራው ዞረ።

አቶ ሽፈራው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ጊዜው አይደለም እንዳልል፣ ነገሩ ተነሣ» አሉ። «ዋስ ሲሞት ዋስ ይተካል። ካልተተካ ማንንም አልከለክልም።» ዞረው አዩን። «የሚተካ አለ?»

በረከት እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። እኔ አሁን የምኖረው ሌላ ሰፈር ነው፣ እሱም እንዲሁ፤ ሰፈሩ ውስጥ የማይኖር ሰው ዋስነት እንደማይያዝለት ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ አንድ ዱላ መሬቱን መታ፤ ጋሽ ደምሴ በተጎዳው እግራቸው ሲነሡ ነው።

«እኔ አለሁ።»

«ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎን እኮ ነው የነከሰችው» አሉ አቶ ሽፈራው።

«እኔን ነው። ታዲያ ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል? አሁንም አልወዳትም። ግን የሴትዮዋን ቃል ከእሳቸው ጋር አልቀበርንም።»

አቶ ሽፈራው ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው አደረጉ። «ዋስ ተገኝቷል» አሉ በመጨረሻ። «ንፍሮው ይዙር።»

ጋሽ ደምሴ ሲቀመጡ ወደ እኔ አዘነበሉ። «የካሜራው ባትሪ እያለቀ ነው፣ ነገ መቀየር አለበት» አሉኝ በሹክሹክታ። «እኔ በዚህ እግሬ መዳህ አልችልም።»

«እኔ እድሃለሁ» አልኳቸው።